ቤት ያፈራውን

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ሆድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ዋሽንግተን በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሰዓቴ በሳምንት ከ40 ወደ 24 ተቀነሰ። የቤት ኪራዩ ግን አልቀነሰም። አገር ቤት ላሉት እናቴ በየወሩ የምልከው ደግሞ የሚነካ አይደለም፤ "ልጄ ተቸገረ" ብለው እንቅልፍ እንዲያጡ አልፈልግም። ደምሬ ቀንሼ ለሆዴ የተረፈኝ በሳምንት 35 ዶላር ሆነ።

ድሮ ከሥራ ስንወጣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሐበሻ ምግብ ቤት ጎራ እንል ነበር። ሂሳብ ሲመጣ እንደ ወጋችን ትግል ነው። "በእናትህ እኔ ልክፈል!" "ሞቼ እገኛለሁ!" አንድ የጾም በያይነቱ ከነጉርሻው 25 ዶላር ገደማ ነው። ተራዬ ደርሶ ለሦስታችን ከከፈልኩ የሁለት ሳምንት ቀለቤ በአንድ ምሽት አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ መቅረት ጀመርኩ። ሲደውሉ "ሥራ ነኝ" እላለሁ። ሥራ ጠፍቶ ሥራ በዛብኝ ማለት!

ታዲያ ተደብቄ ምን በላሁ? ያንኑ በያይነቱ! በመጀመሪያው ሳምንት የገዛሁት ይኸውላችሁ፦ አሥር እንጀራ 12 ዶላር፣ ሁለት ፓውንድ ምስር 4፣ አንድ ፓውንድ ክክ 2፣ አጃ 3፣ ሽንኩርት 3፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን 6፣ ድንችና ካሮት 3፣ ቲማቲምና ሎሚ 2። ሽሮውና በርበሬው እናቴ በሰው እጅ የላኩልኝ ነው። ዘይቱ አንዴ ተገዝቶ ለወር ይበቃል።

እሑድ አንድ ትልቅ ድስት እጥዳለሁ። ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፌ ያለ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ ጠብ ጠብ እያልኩ ውሃ እየጨመርኩ አቁላላለሁ። ዘይት የሚገባው ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ስለሆነ ጥቂት ይበቃዋል። በርበሬ ከመግባቱ በፊት ሲሶውን ቀንሼ በእርድ የክክ አልጫ እሠራበታለሁ። በቀረው ላይ በርበሬ ጨምሬ ግማሹን ለምስር፣ ግማሹን ለሽሮ። በአንድ ቁሌት ሦስት ወጥ! በየዕቃው ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጎመኑ በሳምንቱ አጋማሽ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎ ነው። እንጀራው በቀን አንድ ተኩል ነው፤ የተረፈው ደርቆ የእሑድ ድርቆሽ ፍርፍር ይሆናል።

"ሰውነትህ አይጎዳም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ምስርና ሽሮ የጎደላቸውን እንጀራው ይሞላል፤ እንጀራው የጎደለውን እነሱ ይሞላሉ። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ከአትክልትና ከጥራጥሬ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ 12 ነው። እሱን በኪኒን መውሰድ ነው። አባቶቻችን ሁዳዴን 55 ቀን ከጾሙ በኋላ የሚገድፉት ያለ ነገር አይደለም።

አንድ ዓርብ ማታ ከጓደኞቼ አንዱ ሳይደውል መጣ። "አንተ ሰውዬ፣ ሞተህ ነው?" አለኝ። ደነገጥኩ። እናቴ እንግዳ ሲመጣ "ቤት ያፈራውን" ይሉ ነበርና ሽሮውን አሙቄ አቀረብኩ። ጥርግ አድርጎ በላና "ሥጋ ተውክ እንዴ?" አለኝ። "ዛሬ ዓርብ አይደለም?" አልኩት። እኔን ዓርብ መቼ አስታውሶኝ ያውቃል! ጾሙን መደበቂያ አደረግሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜም መጣ። "ያ ሽሮህ አለ?" አለኝ። ሁዳዴ የለ፣ ዓርብ የለ፣ መደበቂያ አጣሁ። የሰዓቱን መቀነስ፣ 35 ዶላሯን፣ ሁሉንም ነገርኩት።

የጠቀለለውን ሳይጎርስ ቆየ። "እኔ ተራዬን የምከፍለው በክሬዲት ካርድ ነበር። እስካሁን ከነወለዱ እየከፈልኩ ነው" አለኝ። ለካ ሁለታችንም "ሞቼ እገኛለሁ" ያልነው እውነታችንን ኖሯል!

"እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር" የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። ችግሩ ጎረቤቱም እንደ ጎረቤቱ እየኖረ መሆኑ ነው።

አሁን እሑድ እሑድ ሦስታችንም በየቤታችን በተራ እንገናኛለን። ሦስተኛው የሚሠራው ምስር ጨው ይበዛበታል፤ እንበላዋለን። ሂሳብ ስለማይመጣ ትግሉ በጉርሻ ሆኗል።

እናንተም ዘንድ ሰሞኑን "ሥራ ነኝ" እያለ የጠፋ ወዳጅ ካለ ምግብ ቤት አትጥሩት። ሳትደውሉ ሂዱበት፤ ቤት ያፈራውን ብሉለት። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ እናንተ ቤት ይምጣ።

ሳምንት ያገናኘን።