ወለምታ ሁሉ በቅቤ አይታሽም

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ምሳሌው የተነገረው ስለ አንደበት ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ሌላ እምነት ተሸሽጎ ይገኛል፤ ይኸውም የእግር ወለምታ በቅቤ ከታሸ ይድናል የሚለው ነው። በዚህ ወር ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ እምነት ነው። በየትምህርት ቤቱ ሜዳ በእግር ኳስና በዝላይ ጊዜ የሚደርሰው የቁርጭምጭሚት ጕዳት እንደ ቀላል ነገር እየተናቀ በሚገባ ሳይታከም ይቀራልና።

ወለምታ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ቁርጭምጭሚት የቅልጥም ዐጥንቶች ከእግር ዐጥንቶች ጋራ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ሲሆን፤ በውጭ በኩል ሦስት ጅማቶች አሥረው ይይዙታል። ተጫዋቹ ዘሎ ሲወርድ ወይም በሩጫ ላይ ሳለ በድንገት ሲታጠፍ እግሩ ወደ ውስጥ ከዞረ፤ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ በእነዚህ ጅማቶች ላይ ይወድቃል። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጐዳው የፊተኛው ጅማት ነው። ሐኪሞች ጕዳቱን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ በ1ኛው ደረጃ ጅማቱ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ በ2ኛው በከፊል ይበጠሳል፤ በ3ኛው ፈጽሞ ይበጠሳል። ጕዳቱ ከባድ ሲሆን ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው ያብጣል፤ ቆዳው ይጠቍራል፤ ጕዳተኛውም እግሩን መርገጥ ይሳነዋል።

እንግዲህ ጅማት ሲበጠስ ትናንሽ የደም ሥሮችም አብረው ይበጠሳሉ። እብጠቱም የሚመጣው በውስጥ ከሚፈሰው ደምና ፈሳሽ ነው። በዚህ ጊዜ እግሩን አጥብቆ ማሸት ወይም በእሳት የሞቀ ጨርቅ መደረብ የደሙን መፍሰስ ያብሰዋል እንጂ አያቆመውም። የተሰበረ ዐጥንት ካለም መጐተቱና መታሸቱ ስብራቱን ከቦታው ያናጋዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እግሩ በቀርከሃና በጨርቅ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሠር ነው። ደም መዘዋወር ሲሳነው ሥጋው ይሞታል፤ እግርንም እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል። ይህ ባገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው።

ይህን ስንል ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ዋጋውም አይከብድም፤ ብዙ ዘመንም ሕዝቡን ሲረዳ ኖሯል። የምንለምነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች እንዳያሽ፤ ስብራት የሚያጠራጥር ሲሆንም ወደ ሐኪም እንዲልክ ነው።

«ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፤ ራጅም ገንዘብ ይፈጃል፤ ለወለምታ ሁሉ እንዴት ይኬዳል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. በካናዳ በኦታዋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ራጅ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ጕዳተኛ የሚለዩበትን ደንብ አወጡ። ደንቡም ይህ ነው፤ ጕዳተኛው ወዲያው በተጐዳ ጊዜም ሆነ በምርመራ ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፤ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጕብታዎች ጫፋቸውና የኋላ ጠርዛቸው ሲነካ ዐጥንቱ ካመመው፤ ወይም በእግሩ መካከል በትንሿ ጣት አንጻር ያለው ጕብታ ወይም በውስጥ በኩል ያለው ዐጥንት ሲነካ ካመመው፤ ራጅ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት መኖሩ እጅግ የሚያጠራጥር ነው። ይህን መመርመር የሐኪሙ ሥራ ቢሆንም፤ አስተማሪ ቢያውቀው ማንን ቶሎ መላክ እንዳለበት ይረዳዋል። በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ዐጥንታቸው ገና ያልጸና ስለ ሆነ ግን፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ሐኪም ማድረስ ይሻላል።

እስከዚያው ድረስ ሊደረግ የሚገባው ቀላል ነው። ጕዳተኛው ጨዋታውን ያቁም። እግሩን ከልቡ ከፍ አድርጎ ያሳርፍ። በረዶ ቢገኝ በጨርቅ ተጠቅሎ፤ ባይገኝም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደረግለት። ፋሻው ደገፍ አድርጎ ይያዝ እንጂ አይጥበቅ፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፤ ከደነዘዙ ወይም ከጠቈሩ ያለ መዘግየት ይፈታ።

እግሩ ለብዙ ሳምንታት ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ አለበት የሚለው አሳብም ለአብዛኛው ወለምታ የተሳሳተ ነው። ሕመሙ እንደ ፈቀደ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ይጠቅማል። ለከባዱ ግን የጊዜው ድጋፍ ልዩ ነው፤ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከባድ ወለምታ በደረሰባቸው 584 ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፤ ለ10 ቀን በጀሶ የታሠሩት በተለጣጭ ፋሻ ብቻ ከተጠቀለሉት ይልቅ ቶሎ አገግመዋል። ከዚያ በኋላ ባንድ እግር ቆሞ ሚዛንን የመጠበቅ ልምምድ ጕዳቱ እንዳይደገም ይረዳል።

በእኛ አስተያየት ከባዱ ችግር ያለው ከሕክምናው ይልቅ በሜዳው ላይ ነው። እያነከሰ የሚጫወት ልጅ «ጀግና» ተብሎ ሲጨበጨብለት፤ ወጥቶ የተቀመጠው ግን እንደ ፈሪ ይታያል። ዳሩ ግን ያልዳነ ጅማት እንደ ገና ይጐዳል፤ ደጋግሞ የተጐዳም መገጣጠሚያ ይላላል፤ ባለቤቱም በደረጃና በድንጋይ መንገድ ሁሉ እየተደናቀፈ ይኖራል። የአንድ ቀን ዋንጫ ይህን ያህል ዋጋ የለውም።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ አንድ ደንብ እንዲጸና እንመኛለን፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ያበጠበት ተማሪ በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ። የሚመለስበትም ቀን በቡድኑ ፍላጎት ሳይሆን፤ በተጐዳው እግሩ ብቻ ለመቆም፤ ለመዝለል፤ ሮጦም ለመታጠፍ ያለ ሕመም በመቻሉ ይወሰን። ይህን ለማስፈጸም ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ልጁን «በቃህ፤ ውጣ» የሚል አንድ አስተማሪ ነው።