ከጉባኤ ቃና መጀመር

በአርብ ገበያ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ በነበረበት ዘመን እንጀራዬ ዕቅድ መጻፍ ነበር። የዓመት ዕቅድ፣ የሩብ ዓመት ዕቅድ፣ የወር ዕቅድ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ አፈጻጸም በመቶኛ ተሰልቶ። ቀኑን ሙሉ «ከማስቻል አኳያ» እና «በተያዘለት የጊዜ ሰሌዳ መሠረት» እያልሁ እውልና ማታ ወደ ተከራየኋት ክፍል ስገባ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይናፍቀኝ ነበር። ደራሲ መሆን እፈልግ ነበር።

አንድ ሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ የማውቀውን ሙያ ለራሴ አዋልሁት። ግብ፦ 300 ገጽ ልብ ወለድ። ጊዜ፦ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። በየሩብ ዓመቱ 75 ገጽ። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ሥራ ለቅቆ በብዕር ማደር። ሠንጠረዥ አሰመርሁለትና ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት።

የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሲያልቅ የጻፍሁት 11 ገጽ ነበር። በሁለተኛው 4 ገጽ። በሦስተኛው ምንም። ጉዳዩ የመሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚል ርእስ ሥር ሁለት ሦስት ምክንያት ደርድሬ ባለፍሁት ነበር። ለራስ ግን እንዲያ ያለ ሪፖርት አይጻፍም። አፈርሁ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላቅሁና የዕቃ መደርደሪያ ላይ አነጠፍሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አንድ መስመር አልጻፍሁም።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አርብ አርብ ለገበያ ሲመጡ እኔ ዘንድ ያርፉ ነበር። አጎቴ ገበሬ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ግን ለቅኔ ትምህርት ከአገር አገር የዞሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ሲያነሡ ያቺን ወረቀት አዩዋት፤ ጎንበስ ብለው አነበቧት። እየሣቁም፣ «ልጄ፣ መወድስ ልቁጠር ብለህ ተነሣህ፤ ጉባኤ ቃናውን ማን ይቁጠርልህ?» አሉኝ።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላብራራው። ተማሪ ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ከእርሷ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ያድጋል፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። በጉባኤ ቃና ያልበሰለ ወደ መወድስ አይዘልም። ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያቀኑለታል፣ ያፈርሱበታል። ነገም እንዲሁ ነው።

ይህ ተማሪ ሥራ ፈት አልነበረም። ቀለቡን በየደጁ ለምኖ፣ እንጨቱን ለቅሞ፣ ውኃውን ቀድቶ ነው የሚማረው። በዚያው በጋይንት ምድር ባለችው በቤተልሔም፣ በድጓ ማስመስከሪያዋ ደብር፣ የሚያስመሰክር ሰው ያለፈበትን መንገድ አስቡት። ያን የሚያህል የዜማ መጽሐፍ ሲያጠና፣ በጥንቱ ልማድ ደግሞ በገዛ እጁ በብራና ሲገለብጥ፣ ዓመታት ያልፋሉ። «በሩብ ዓመት ይህን ያህል ቅጠል» ብሎ የተነሣ ይኖር ይሆን? እኔ አይመስለኝም። የዛሬዋን ገጽ ግን ዛሬ ጽፏል።

አጎቴ ከሄዱ በኋላ ያቺን ወረቀት እንደገና አየኋት። አንድ ነገር ገረመኝ። 300 ገጽ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ግቡ ትልቅ አልነበረም። የወደቅሁትም ከአቅሜ በላይ ስለ ተመኘሁ አይደለም። ዕቅዴ ከዚያች ምሽት ምንም ስላልጠየቀኝ ነው። የሩብ ዓመት ግብ ለዛሬ ምሽት ሁልጊዜ ምሕረት አለው፤ ዛሬ ደክሞሃል፣ ገና ሰባ ቀን አለህ ይላል። ሰባው ሠላሳ ይሆናል፣ ሠላሳው ሦስት። መሥሪያ ቤት በዚህ ይኖራል፤ ድርሰት ግን በዚህ ይሞታል።

ስለዚህ የዛሬ አቋሜ ይህ ነው፤ ከእንጀራ ሥራው ጎን ደራሲ ልሁን የሚል ሰው ግቡን በሦስት ነገር ይመዝን። አንደኛ፣ ግቡ ለዛሬ ምሽት የሚበቃ ትንሽ ይሁን፤ ሁለት ቤት፣ አንድ አንቀጽ። ሁለተኛ፣ በራሱ እጅ ያለ ይሁን። መጽሐፍ መታተሙ፣ መሸጡ፣ መወደሱ በእኛ እጅ አይደለም፤ ከራት በኋላ ያለችው አንዲት ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ በእኛ እጅ ናት። ሦስተኛ፣ የሚሰማ የኔታ ይኑረው። ማንም የማይጠይቀው ግብ ምኞት ሆኖ ይቀራል። አንቶኒ ትሮሎፕ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እስከ 1867 እ.ኤ.አ. ድረስ የፖስታ ቤት ባልደረባ ነበር። ከሥራ በፊት ማልዶ፣ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ለመጻፍ ራሱን ያስገድድ ነበር። ይህ ብርቱ ሰው እንኳ በማለዳ ለሚቀሰቅሰው አሮጌ አገልጋይ በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍል ነበር። ብርቱም ቀስቃሽ ይሻል።

«ሥራው እኮ ነው ብዕራችንን የገደለው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ከፊሉ እውነት ነው። የሪፖርት አማርኛ ጆሮን ያደነቁራል፤ ድካሙም ድካም ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናከብራቸው መጻሕፍት ከማን እጅ እንደ ወጡ እንመልከት። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው አገር ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት አልፎ ነበር። የጎንደሩ ብርሃኑ ዘሪሁን የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን ሳለ ነው፤ የመጽሐፉን ነገርም የቀዳው በሥራው ከተሳተፈበት ከአሥመራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ሥራው መጽሐፉን ሰጠው፤ መጽሐፉ ሥራውን አሳጣው፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ሥራና ድርሰት ሁልጊዜ በሰላም ይኖራሉ አልልም። ነገር ግን አንዱ የሌላው ጠላት ነው ብሎ መደምደም ታሪካችንን አለማየት ነው።

ደግሞስ ሥራ ለቅቆ በብዕር ማደር ለስንቱ ተሳክቶለታል? በአገራችን ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከኪሱ አውጥቶ ወይም ተበድሮ ነው። እንግዲህ የድርሰቱ ደጋፊ ያ የተናቀው ደመወዝ ነው። «ሥራ እለቃለሁ» የሚለውን መስመር ከዕቅዴ የሰረዝሁት ተስፋ ቆርጬ አይደለም። ቅኔ ተማሪው አኩፋዳውን የሚይዘው ትምህርቱን ስለሚወድ መሆኑ ገብቶኝ ነው።

ከዚያ አርብ በኋላ በየምሽቱ አንድ አንቀጽ መጻፍ ጀመርሁ። ልብ ወለዱን ተውሁት፤ የጻፍሁት የአጎቴን የተማሪነት ዘመን ነው፤ ውሻ የነከሳቸውን መንደር፣ ዝናብ የመታቸውን ጎጆ፣ የጣሏቸውንና ያነሷቸውን መምህራን። አርብ ሲመጡ ያነበብሁላቸውን ያርሙኝ ነበር። «ይህስ አልሰመረም» ሲሉ ማታውን እንደገና እጽፈዋለሁ።

ታሪኩ ግማሽ ላይ ሳለ አጎቴ ዐረፉ። ጎጃም ተሻግረው የተማሩበትን ዘመን ገና አልነገሩኝም ነበር። ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ወንበር ተቀምጬ ያንኑ ዓይነት ዕቅድ እጽፋለሁ፤ ማታ ማታም አንቀጼን። ያ ቀሪ ግማሽ ግን በማንም እጅ የለም። እርሳቸው በዚያች ክፍል አርብ አርብ ሲያድሩ፣ እኔ ስላልሞላልኝ 75 ገጽ አኩርፌ አጠገባቸው ዝም ብዬ የተኛሁባቸው ሁለት ዓመታት ነበሩ።

አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም ዘንድ አርብ አርብ የሚያድር ሰው ይኖር ይሆናል። ሠንጠረዡን ተወውና ዛሬ ማታ ሁለት ቤት ቁጠር።

ቸር እንሰንብት።