እረኞቹ ምን ይዘው ሄዱ?

አንባብያን ሆይ! የልደት በዓል በደረሰ ቍጥር ሰብአ ሰገል ወርቅ፥ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መምጣታቸው ይነገራል። ዛሬ ግን ስለ እረኞቹ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። እነርሱስ ምን ይዘው ሄዱ?

ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 ላይ፥ እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ የምሥራቹን ሰምተው፥ ፈጥነው ሄደው ሕፃኑን በግርግም ተኝቶ እንዳገኙት ይነግረናል እንጂ አንዳች እጅ መንሻ እንዳቀረቡ አልጻፈም። ከዚያም ስላዩትና ስለ ሰሙት ሁሉ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመለሱ። የያዙት ምስጋና ብቻ ነበረ ማለት ነው።

እኛ ውለታ መመለስ እናውቃለን። ድግሱን በድግስ፥ ብድሩን በብድር እንከፍላለን። ይህ መልካም ልማድ ነው። የልደት ስጦታ ግን ብድር የሚመለስለት አይደለም። በላሊበላ፥ በቤተ ማርያም፥ በገና ዕለት ካህናቱ ገሚሱ ከላይ ገሚሱ ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ያዜማሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፥ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ቤዛ ማለት ስለ ሌላው የሚከፈል ዋጋ ነው። ዋጋው አስቀድሞ ከተከፈለልን ለእኛ የቀረልን ማመስገን ነው።

ታዲያ ምስጋና በአፍ ብቻ ይበቃልን? ጌታችን ግብዣ ስታደርጉ ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን ጥሩ ብሎ አስተምሯል። እንግዲህ የምስጋናችን መንገድ ይኸው ነው፤ የማይመልሰውን ተቀብለናልና ለማይመልስ እንስጥ።

ይህንንም ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ተማሪዎቼን ምስጋና ለማን ይገባል ብዬ ስጠይቃቸው ለእናት፥ ለአባት፥ ለአስተማሪ ይላሉ። ምሳቸውን ቋጥራ የሰደደቻቸውን የቤት ሠራተኛ የሚያነሣት ግን ጥቂት ነው። የገና ዋዜማ ሽንኩርት ስታቁላላ የምታመሸው እርሷ ናት። የነቢያትን ጾም እንደ እኛው ጾማ፥ ቤተ ሰቡ ሲፈስክ እርሷ ማዕድ ቤት ቆማ ወጥ ታወጣለች። በአገር ቤት እናቷ መንገድ መንገዱን ታያለች። ለወዳጅ ዘመድ በስልክ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ስናዥጐደጕድ፥ እርሷን በስሟ ጠርቶ እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚላት ማነው?

የምሥራቹ በመጀመሪያ የተነገረው በሌሊት ሥራ ላይ ለነበሩ ሰዎች መሆኑን አንርሳ። ስለዚህ በዚህ ገና በማዕዳችን ዙሪያ ቦታ እንልቀቅላት፤ ለጌታም በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አልተገኘለትም ነበርና። ደመወዟን ሳናጓድል፥ የመንገዷን ችለን፥ እናቷን ጠይቃ እንድትመለስ ጥቂት ቀን እንስጣት። ይህንንም እንደ ምጽዋት አንቍጠረው። እርሷ ከእኛ ይልቅ ብዙ ሰጥታናለችና።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።