የዓባይን ገደል ለልጆች ስለ ማስረዳት

ከመርጡለ ማርያም በቢቸና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አባት፥ ከደጀን በታች ቍልቍለቱን ሲጀምር ልጆቹን ዝም ብሎ ሊያሳልፋቸው አይገባውም፤ ዓባይ የቈረጠው ገደል እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ነውና። ከላይ ያለው ጥቍር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲባል የኖራ ድንጋይ፥ ቀጥሎ ጀሶ፥ በታች የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል መገኘቱ፥ ይህ አገር በጥንት ዘመን በባሕር ተሸፍኖ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ነገር ግን ድንጋይ አስተርጓሚ ይሻል። ስለዚህ አባት ለመቆም በሚመች ስፍራ ወርዶ፥ በጣቱ እያመለከተ፥ የታችኛው ድርብ ከላይኛው በዕድሜ እንደሚቀድም ያስረዳ። ልጁም ዛጎሉን አይቶ ይለፍ እንጂ ፈንቅሎ አይውሰድ፤ ቅጠሉ ከተቀደደ መጽሐፍ ኋላ የሚመጣው ምን ያነባል?