ከግድያ ፍርድ በኋላ፦ የይግባኝ መብትና የገጠሩ ቤተሰብ

አምባ ጊዮርጊስ፦ በእርሻ ድንበር፣ በግጦሽ ወይም በቆየ ቂም ምክንያት የሰው ሕይወት ሲጠፋ ሐዘኑ በሟች ቤት ብቻ አይቀርም። በግድያ ጥፋተኛ የተባለው አርሶ አደር ማረሚያ ቤት ሲወርድ ማሳው አራሽ፣ ልጆቹም አሳዳጊ ያጣሉ። ፍርዱ ትክክል ከሆነ ይህ የወንጀሉ ዋጋ ነው። ስሕተት ካለበት ግን ማረሚያው ይግባኝ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ለበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ሰውም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው።

መብቱ ግን የጊዜ ገደብ አለው። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር እንዲያስታውቅ፣ የውሳኔው ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ያዛል። ጊዜው ያለፈበት ሰው መዘግየቱ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ አስረድቶ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። በጎንደር ከተማ ለተሰጠ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይግባኙ የሚቀርበው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመሆኑ፣ ለወገራ አርሶ አደር ቤተሰብ ጉዳዩ መንገድና ወጪ አለው።

በይግባኝ የሚነሣው ክርክር «ገድሏል ወይስ አልገደለም?» የሚለው ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ለከባድ የሰው ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት፣ በአንቀጽ 540 ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ራሱን ሲከላከል የሕጋዊ መከላከልን ወሰን አልፎ የገደለ ሰው ግን በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። በአንድ የድንበር ጠብ የደረሰ ግድያ በየትኛው አንቀጽ ሥር ይወድቃል የሚለው ጥያቄ የአንድን ሰው ዕድሜ እኩሌታ ሊወስን ይችላል።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመርሕ ደረጃ ጉዳዩን የሚመረምረው ከሥር ፍርድ ቤቱ መዝገብ ነው። አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ተጨማሪ ማስረጃ ሊቀበል ይችላል፤ ምስክሮችን ግን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው አይሰማም። ስለዚህ በሥር ፍርድ ቤት ያልተጠየቀ ምስክርና ያልተመዘገበ ተቃውሞ በኋላ ማስተካከል ይከብዳል።

ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ሊል እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 1999 ዓ.ም በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ በሌሉበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ በማለቱ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አድርጎታል። ይግባኝ ቅጣትን ሊያቀልል እንደሚችል ሁሉ ሊያከብድም ይችላል።

በአካባቢው ደምን በሽምግልና ማድረቅ ክቡር ባህል ነው። ቤተሰቦችን ያስታርቃል፤ የበቀልን ሰንሰለትም ይበጥሳል። ይሁን እንጂ የግድያ ክስ የመንግሥት በመሆኑ እርቁ ብቻውን መዝገቡን አይዘጋም። ከልብ መጸጸትና በተቻለ መጠን ጉዳትን መካስ ግን በሕጉ ቅጣት ማቅለያ ምክንያት ነው። አደጋው ሽምግልናው እስኪቋጭ ሲጠበቅ የይግባኙ ቀን ማለፉ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ ይኖርባቸዋል።

ይግባኝ የሟችን ደም ማቃለል ተደርጎ መታየት የለበትም። ባልሠራው ወንጀል ሰው ከታሰረ እውነተኛው ገዳይ ከቤቱ ነው፤ የሟች ቤተሰብም ፍትሕ አላገኘም። ስለሆነም ፍርዱ በሚነበብበት ዕለት ግልባጩን መጠየቅ የቤተሰቡ፣ የይግባኙን ቀን በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት ደግሞ የፍርድ ቤቱና የተከላካይ ጠበቃው ቀዳሚ ሥራ ሊሆን ይገባል።