«ላቡን ጌም ቤት አደረገው» ለምትሉኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወላጅ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «መምህር፣ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ጌም ነው የሚጫወተው አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነት ነው። ያስጫወትኩትም እኔው ነኝ። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት እስቲ ስሙኝ።

የአይሲቲ ላባችንን የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ። ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋ ራም፣ ግማሹ ኤክስፒ፣ ግማሹ ዊንዶውስ 7። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ለ7 ደግሞ በ2020። በ2025 የዊንዶውስ 10ም ተራ ደረሰ። 11 እንጫን ቢባል ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። የኛዎቹ ከየት ያምጡት? ስለዚህ «አርጅተዋል፣ ይወገዱ» ተባለ። «በምትካቸውስ?» አልኩ። መልስ የለም። ኮምፒውተር የሌለው የአይሲቲ ትምህርት ማለት ማውስን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሎ ማስተማር ነው። አድርጌዋለሁ፣ አውቀዋለሁ።

እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ይሄንን ደጋግመው የሚያስታውሱኝም አልጠፉም። ግን ያረጀ ኮምፒውተርና የሞተ ኮምፒውተር አንድ እንዳልሆኑ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ከ11ኛ ክፍል ልጆች ጋር ሆነን አራቱን መረጥንና ሊነክስ ሚንት ጫንንባቸው። ነፃ ነው፣ በፍላሽ ይጫናል። ቀስ ይላሉ፣ ግን ይሠራሉ። የልጆቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ ጌም ይሠራል?»

እኔም ኮሌጅ እያለሁ ያስቀመጥኳትን ሲዲ አመጣሁ፤ ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ። ልዕልቷን በ60 ደቂቃ ውስጥ ማዳን አለብህ፣ ካልሆነ አለቀ። መጀመሪያ አንድ ባልደረባዬ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሞከርናት። እምቢ አለች። ለምን? ጨዋታዋ በ1990 ለዶስ የወጣች የ16 ቢት ፕሮግራም ናት። 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ የ16 ቢት ፕሮግራም ማስኬድ ትቷል። ጨዋታዋ አልተበላሸችም፤ የቆመችበት መሬት ነው ከሥሯ የተነሳው።

ከዛ «ይወገድ» የተባለው ማሽን ላይ ዶስቦክስን ጫንን። ዶስቦክስ የድሮ ኮምፒውተር ሆኖ የሚተውን ፕሮግራም ነው በሉት። ጨዋታዋ ተከፈተች! ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤፍ 12 ስትጫኑ ዶስቦክስ የሚያስመስለው ፕሮሰሰር ይፈጥናል፤ ኤፍ 11 ስትጫኑ ይዘገያል። ልጆቹ ልዑሉን እግሩ እስኪጎተት አዘገዩት፣ መልሰው አስሮጡት። የፕሮሰሰር ፍጥነት ማለት ምን እንደሆነ በዓይናቸው አዩ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አለ ማለት ነው?» አለችኝ። ይቺን አንድ ነገር ከመጽሐፍ ለማስረዳት ስንት ዓመት ለፍቻለሁ!

የኔ ዘመን ሰዎች ደግሞ፣ ኤክስፒ ላይ ፒንቦል ያልተጫወተ አለ? ቪስታ ሲመጣ ድምጿ ጠፋ። የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን በኋላ እንደጻፈው፣ ወደ 64 ቢት ሊያሻግሯት ሲሞክሩ ኳሷ ምንም ሳያግዳት ሁሉን እያለፈች ወደ ታች ትወርድ ነበር። ስህተቱን ማግኘት ስላቃታቸው ተዋት። ከዓመታት በኋላ ግን ሌላ ፕሮግራመር ፕሮግራሟን ፈታትቶ ኮዷን መልሶ ጻፈ፤ ዛሬ ሊነክስ ላይ ትሠራለች። ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው ድርጅት የተዋትን አንድ ትዕግሥተኛ ሰው አስነሳት። ተማሪዎቼ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው። «አይሠራም» የተባለ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ አንዳንዴ የሚያስነሳው አጥቶ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ኤክስፒን እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ሰክታችሁ ተጠቀሙ እያልኩ አይደለም። ክፍተቱን የሚደፍንለት የለም። ፍላሻችሁ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያለቀሳችሁበትን ቀን አስታውሱ። ለታሪክ ያስቀረናቸው ሁለት ኤክስፒዎች የኔትወርክ ገመዳቸው ተነቅሏል፣ ፍላሽም አይሰካባቸውም።

የወላጆች ስጋትም ይገባኛል። ከክፍል ቀርቶ ጌም ቤት የሚውል ልጅ እኔንም ያሳስበኛል። ግን እዚያ ልጁ ከፍሎ የተዘጋጀውን ይጫወታል። እኛ ጋ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ 30ው ጨዋታውን ለማስነሳት ሲታገሉ ያልቃል። ፋይል መፈለግ፣ ትዕዛዝ መጻፍ፣ የስህተቱን መልእክት ማንበብ፣ እንደገና መሞከር። አሥሯ ደቂቃ ደሞዛቸው ናት።

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፦ ማሽኖቹን ከማስወገዳችሁ በፊት አንድ ሴሚስተር ስጡኝ። ካልሠሩ እኔው ራሴ ተሸክሜ አወጣቸዋለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ቤታችሁ አቧራ የለበሰ ዲዲአር 2 ራም ወይም የድሮ ጌም ሲዲ ካለ አትጣሉ፣ አምጡልን። እኚያ ወላጅም ይሄን ካነበቡ፣ ሐሙስ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ይምጡና ከልጅዎ አጠገብ ይቀመጡ። ልዕልቷን እስካሁን ማንም አላዳናትም።