የጃፓን የዕፅ ሕግና የእንግዳው ቤተሰብ

በመካከላችን ስለ ጃፓን ሲወራ የሚነሳው ስለ ባቡሩ ፍጥነት፣ ስለ ፋብሪካውና ስለ ሠራተኛው ትጋት ነው። የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ከተነሳ ግን ወሬው በሁለት ቃል ይዘጋል፤ ገሚሱ «አክራሪዎች ናቸው» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «ምሳሌ ሊሆኑን ይገባል» ይላል። ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያ አገር ለመሄድ የሚያስቡ፣ ሚስትና ልጅ ይዘው ለመሄድ የሚያቅዱም ወገኖች ስላሉን ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያሻል እንላለን።

ጥላቻው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሜታምፌታሚን የተባለውን ቅመም በ1893 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ የሠራው ናጋይ ናጋዮሺ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ ነው። ከ1941 ጀምሮም «ሂሮፖን» በሚል ስም በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጥ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ወታደሩ እንዳይተኛ፣ የፋብሪካው ሠራተኛም ሌሊቱን በሥራ እንዲያነጋ ይሰጠው ነበር። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ በመጋዘን የተከማቸው ወደ ጥቁር ገበያ ወጣ፤ ቤቱ በቦምብ የተቃጠለበትና ሥራ ያጣው ድሃ እየገዛ ተወጋው። በ1951 የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በ1954 ብቻ ከ55,000 በላይ ሰዎች ተያዙ። ትናንት እንቅልፍ የነሣው መንግሥት ዛሬ ወንጀለኛ ብሎ አሰረው ማለት ነው።

ኦፒየምም እንዲሁ ነው። የቻይናን ውድቀት ያዩት ገዢዎች በ1858 ከአሜሪካ ጋር በተፈራረሙት ውል ኦፒየም ወደ አገራቸው እንዳይገባ አስከለከሉ። በኋላ ግን ታይዋንን በቅኝ ሲይዙ፣ በ1930ዎቹም በማንቹሪያ፣ ያንኑ ኦፒየም በመንግሥት ሞኖፖል ለተገዢው ሕዝብ ሸጡለት። ዛሬም የጃፓን መንግሥት ከትልቁ የትምባሆ ኩባንያ ከሲሶ በላይ አክሲዮን እንዲይዝ ሕጉ ራሱ ያስገድዳል፤ ከሥራ በኋላ ከአለቃ ጋር እስኪሰክሩ መጠጣትም ማንንም አያሳፍርም። ስለዚህ የጃፓን ጥብቅነት የንጽሕና ውጤት ነው የሚለውን አባባል አንቀበልም። «አክራሪነት» ብሎ ማለፍም ሂሮፖን ያፈረሰውን ቤት አለማየት ነው።

አሁን ወደ እንግዳው ቤተሰብ እንምጣ። ዝነኛው ዘፋኝ ፖል ማካርትኒ በጥር 1980 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ከሻንጣው 219 ግራም ያህል ማሪዋና ተገኘ፤ ዘጠኝ ሌሊት ታስሮ ተባረረ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰውየውም የያዘውን ያውቅ ነበር። ከዚህ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው በሰኔ 2015 የሆነው ነው። የቶዮታ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረች አሜሪካዊት ከአገሯ በፖስታ በተላከላት እሽግ ኦክሲኮዶን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተገኝቶ ታሰረች። ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይታ ክስ ሳይመሠረትባት ተለቀቀች፤ ሥራዋን ግን ለቀቀች።

እንግዲህ አደጋው ያለው ከመጠጥ ቤት ይልቅ ከእናት የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ነው። ሱዶኤፌድሪን ከመቶ 10 በላይ ያለበት የጉንፋን መድኃኒት በጃፓን ክልክል ነው። በአሜሪካ ሐኪሞች ትኩረት ለሚያጣ ልጅ የሚያዙት የአምፌታሚን እንክብል የሐኪም ወረቀት ቢኖረውም አይገባም። የተያዘ ሰው ክስ ሳይመሠረትበት እስከ 23 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ፍርድ ቤት ከከለከለም ቤተሰቡ አይጠይቀውም። በዕፅ የተፈረደበት የውጭ አገር ሰው ቅጣቱ ቢገደብለት እንኳ ሊባረር ይችላል። የሚስትና የልጅ ቪዛ በተማሪው ቪዛ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ አባት ሲወድቅ ቤቱ በሙሉ ይወድቃል።

ልጆቹስ? በዚያ አገር በዘመቻው መፈክር ያደጉ ናቸው፤ «ዳሜ፣ ዜታይ»፤ አይሆንም፣ በፍጹም። ማታ በራት ገበታ ደግሞ ከካናዳ ወይም ከጀርመን የመጡ ወላጆች «በእኛ አገር ማሪዋና ተፈቅዷል» ሲሉ ይሰማሉ። ጀርመን በ2024 ስትፈቅድ ጃፓን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መያዝን ብቻ ሳይሆን ማጨስንም ወንጀል አደረገች፤ እስከ ሰባት ዓመት ያሳስራል። እኛም የራሳችን አለን፤ በሐረርና በሰንዓ የእንግዳ ክብር የሆነው ጫት በሪያድ እንደሚያሳስር ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ልጅ ሁለቱን አገር ማስታረቅ አይችልም፤ ወላጅ ቁጭ ብሎ ሊያስረዳው ይገባል።

ሕጉን ማክበር ግን ሐፍረቱንም መውረስ አይደለም። በ2019 ፒየር ታኪ የተባለ ተዋናይና ሙዚቀኛ በኮኬይን ሲያዝ የቡድኑ ሙዚቃ ከገበያ ተነሳ፤ የተሳተፈበት ድራማም በሌላ ተዋናይ እንደገና ተቀረጸ። ሰው እንዲህ ከምድር በሚፋቅበት አገር የታመመ ለማን ይናገራል? ልጁ የተቸገረ እንግዳ ቤተሰብም ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ቪዛውን እየፈራ፣ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። እኛ የምንቃወመው ይህን ነው።

ማኅበራችን በሚመጣው ስብሰባ እንዲወያይበት የምናቀርበው ሐሳብ አለን። የተከለከሉ መድኃኒቶችን ስም፣ ከጉዞ በፊት ፈቃድ የሚጠየቅባቸውን ለይቶ፣ ከቤት በፖስታ ምን መላክ እንደማይገባም ጨምሮ በአማርኛ የሚገልጽ ሁለት ገጽ ተዘጋጅቶ ለሚሄዱት ይሰጥ። አንድ ቅጂም አገር ቤት ላሉት እናቶች ይላክ፤ እሽጉን የሚያስሩት እነሱ ናቸውና።